የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነትና ባርነት ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ለዜግነት ፈተና ስዘጋጅ መቶዎቹን ጥያቄዎች መኪና ውስጥ እየሰማሁ ነበር የማጠናው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ‹‹ለእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት ከሆኑት ችግሮች አንዱን ጥቀስ›› ይላል። ተቀባይነት ያላቸው መልሶች ሦስት ነበሩ፦ ባርነት፣ የኢኮኖሚ ጉዳይ፣ የክፍለ ግዛቶች መብት። ከሦስቱ አንዱን ካልክ አለፍክ። እኔ ‹‹ስሌቨሪ›› የሚለውን ያዝኩ። በታሪክ አውቄ አይደለም፤ አንድ ቃል ስለሆነች ለምላስ ትቀላለች። አብሮኝ ያጠና የነበረ ጓደኛዬ ደግሞ ‹‹ስቴትስ ራይትስ›› ብሎ መለሰ። ሁለታችንም አለፍን። ሁለታችንም ምንም አናውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ በዱክ ስትሪት በየቀኑ አልፍ ነበር። ቁጥር 1315 ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት አለ። አንድ ቀን ቆም ብዬ የቤቱን ታሪክ አነበብኩ። ከ1828 እስከ 1836 ድረስ ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ ነጋዴዎች ሰው የሚገዙበትና ወደ ደቡብ የሚልኩበት ቤት ነበር። በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ የሰው ንግድ ቤቶች አንዱ። ዛሬ ሙዚየም ነው። እኔ ለካ እንጀራ ልገዛ ስሄድ ሁልጊዜ የማልፈው በእሱ ደጃፍ ነው።

ከዚያ ወዲያ ማንበብ ጀመርኩ። የተሳሳትኩትም ብዙ ነው። ቡና ላይ ስናወራ ሌሎችም ያንኑ ሲሳሳቱ እሰማለሁ። ስለዚህ አንድ በአንድ ልዘርዝር። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከጦርነቱ በኋላ በተጻፈው መጀመር

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ‹‹ጦርነቱ እኮ የባርነት ጉዳይ አልነበረም፣ የሕገ መንግሥት ጉዳይ ነው›› አለኝ። ከየት አመጣኸው ስለው የደቡብ መሪዎች ራሳቸው ጽፈውታል አለ። እውነቱን ነው፤ ጽፈውታል። ጥያቄው መቼ ጻፉት ነው።

አሌክሳንደር ስቲፈንስን እንውሰድ። ተገንጥሎ የወጣው የደቡብ መንግሥት፣ የኮንፌዴሬሽኑ፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። መጋቢት 21 ቀን 1861፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ጆርጂያ ውስጥ በሳቫና ከተማ ንግግር አደረገ። አዲሱ መንግሥታችን የቆመበት የማዕዘን ድንጋይ፣ አለ፣ ጥቁር ሰው ከነጭ እኩል አለመሆኑ ነው፤ ባርነትም ተፈጥሯዊ ቦታው ነው። ሕዝቡ አጨበጨበለት። ጋዜጣም አተመው። ማንም ‹‹ምን ማለትህ ነው?›› አላለውም።

ከዚያ ጦርነቱን ተሸነፉ። ባርነት በሕግ ተሻረ። ስቲፈንስም ቁጭ ብሎ ሁለት ዳጎስ ያሉ ቅጾች ጻፈ፤ በ1868 እና በ1870 ታተሙ። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ጦርነቱ የማዕከላዊ መንግሥት ሥልጣንና የክፍለ ግዛቶች ነፃነት ግጭት ሆነ። ባርነት ወደ ጓዳ ገባ። የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ዴቪስም በ1881 ባሳተመው ትዝታው ያንኑ መንገድ ተከተለ። ሰውዬው ያው ነው፣ ጦርነቱም ያው ነው። የተለወጠው ዘመኑ ነው። በ1861 ባርነትን አደባባይ ላይ መደገፍ ያስከብር ነበር፤ በ1870 ግን ያሳፍራል።

ታዲያ ከመሸነፋቸው በፊት የጻፉትን ማንበብ ይቀድማል። ለነገሩ ረጅምም አይደለም። አራት ክፍለ ግዛቶች፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ሚሲሲፒ፣ ጆርጂያና ቴክሳስ፣ ለምን እንደተገነጠሉ መግለጫ አውጥተዋል። ሁሉንም በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት መጨረስ ይቻላል። የሚሲሲፒው ገና ሲጀምር ‹‹አቋማችን ከባርነት ሥርዓት ጋር ሙሉ በሙሉ የተቆራኘ ነው›› ይልና፣ ባርነትን ‹‹በዓለም ትልቁ ቁሳዊ ጥቅም›› ይለዋል። ሰም የለው፣ ወርቅ የለው። ፊት ለፊት ነው።

የሳውዝ ካሮላይናው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ‹‹የክፍለ ግዛቶች መብት›› ሲባል ለሰማ ሰው፣ መግለጫው ማዕከላዊው መንግሥት በዛብን የሚል ይመስለዋል። ግን ከዋና ቅሬታዎቹ አንዱ ግልባጩ ነው፦ የሰሜን ክፍለ ግዛቶች የኮበለሉ ባሪያዎችን አሳልፈን አንሰጥም ብለው የራሳቸውን ሕግ አወጡ ይላል። ማለትም ሰሜኖቹ መብታቸውን ተጠቀሙ ብሎ ነው የሚከሰው! የ1850ው የኮብላዮች ሕግ እኮ የፌዴራል ሕግ ነበር፤ ደቡብ አጥብቆ የፈለገው። የኮንፌዴሬሽኑ ሕገ መንግሥትም በጥቁር ባሪያዎች ላይ ያለውን የንብረት መብት የሚነካ ሕግ እንዳይወጣ በግልጽ ይከለክላል።

‹‹እና ያ የስቴትስ ራይትስ ነገር እስከ ፈተና ወረቀታችን እንዴት ደረሰ?›› ትሉ ይሆናል። መንገዱ ረጅም ነው፤ አንዱ ምዕራፍ ግን የትምህርት ቤት መጻሕፍት ናቸው። በ1894 የተመሠረተ የደቡብ ወታደሮች ሴት ልጆች ማኅበር ነበር። የማኅበሩ ታሪክ ጸሐፊ የነበረችው ሚልድሬድ ራዘርፎርድ በ1920 ገደማ ለትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት መመዘኛ አወጣች። ከመመዘኛዎቹ አንዱ፣ ደቡብ የተዋጋው ባሪያዎቹን ላለማጣት ነው የሚል መጽሐፍ ካገኛችሁ አትቀበሉ ይላል። ቃል በቃል። በዚህ ወንፊት ያለፈውን መጽሐፍ ስንት ትውልድ ተማረበት።

አሁን ማንኛውንም መጽሐፍ ስጀምር መጀመሪያ ገጽ ላይ በእርሳስ ሦስት ዓመት እጽፋለሁ፦ ነገሩ የሆነበት፣ የተጻፈበት፣ የታተመበት። በመሀላቸው ክፍተቱ ከሰፋ ጥርጣሬዬም አብሮ ይሰፋል።

ከሊንከን አንዲት ዓረፍተ ነገር መዞ መሮጥ

ፌስቡክ ላይ በየጊዜው የምትዞር ጥቅስ አለች። ሊንከን አንድም ባሪያ ሳላስለቅቅ ኅብረቱን (የአሜሪካን አንድነት) ማዳን ብችል አደርገው ነበር ብሏል የምትል። ከሥሯ ‹‹አያችሁ? ለጥቁሮች ግድ አልነበረውም›› የሚል ይከተላል። ጥቅሷ እውነተኛ ናት። ሊንከን ነሐሴ 22 ቀን 1862 ለጋዜጣ አዘጋጁ ሆራስ ግሪሊ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አለች።

ግን ደብዳቤውን እስከ መጨረሻ እናንብበው። የሚዘጋው፣ ይሄ በያዝኩት ሥልጣን ያለብኝ ግዴታ ነው፤ ሰው ሁሉ በየትም ቦታ ነፃ ቢሆን የሚለው የግል ምኞቴ ግን አልተለወጠም ብሎ ነው። ሁለተኛ፣ ቀኑን እንይ። ሊንከን የነፃነት አዋጁን ረቂቅ ለሚኒስትሮቹ ያነበበላቸው ሐምሌ 22 ቀን ነው። ከደብዳቤው አንድ ወር ቀድሞ! ረቂቁ መሳቢያው ውስጥ ነበር። የጦር ሜዳ ድል እስኪገኝ ነበር የሚጠብቀው፤ መስከረም 17 በአንቲየተም ያው ድል የሚመስል ነገር ተገኘ፤ በአምስተኛው ቀን አዋጁ ወጣ። ስለዚህ ደብዳቤው የልብ ኑዛዜ አይደለም። ሕዝቡን ለሚመጣው ነገር የሚያለማምድ ፖለቲከኛ የጻፈው ነው።

ሊንከንን መልአክ ማድረግም ስህተት ነው። በ1858 ከፖለቲካ ተቀናቃኙ ከስቲፈን ዳግላስ ጋር ሲከራከር ነጭና ጥቁር በማኅበራዊ ኑሮ እኩል ይሁኑ አልልም ብሎ ተናግሯል። ይህንንም ማንበብ ነው። በሁለተኛው ቃለ መሐላ በዓሉ፣ መጋቢት 1865፣ ባርነት ‹‹በሆነ መንገድ የጦርነቱ ምክንያት›› እንደነበር ሁሉም ያውቅ ነበር ሲል ደግሞ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል። የሰባት ዓመት መንገድ ነው። በአንድ ጥቅስ አይለካም።

‹‹ዳያሪ›› የሚለውን ቃልና ጣፋጭ ወሬን ማመን

ይቺን በአጭሩ ልለፋት። የሳውዝ ካሮላይናዋ ወይዘሮ ሜሪ ቼስነት የጦርነቱ ዘመን ማስታወሻ ዝነኛ ነው። ‹‹የዕለት ማስታወሻ›› ስለተባለ እያንዳንዱ ገጽ በዚያው ምሽት በሻማ ብርሃን የተጻፈ ይመስለናል። እሷ ግን በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቁጭ ብላ እንደገና ጽፋዋለች፤ ሃያ ዓመት ቆይታ፣ መጨረሻውን ካወቀች በኋላ። ግሩም ጸሐፊ ናት። ‹‹በ1862 እንዲህ ብላ ተንብያ ነበር›› ከማለት በፊት ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ሁለተኛዋ ወሬ የሃሪየት ቢቸር ስቶው ናት። በ1852 ያሳተመችው ልቦለድ በአንድ ዓመት አሜሪካ ውስጥ 300,000 ያህል ተሸጧል። ሊንከን ሲያገኛት ‹‹ይሄን ትልቅ ጦርነት ያመጣሽው ትንሿ ሴት አንቺ ነሽ?›› አላት ይባላል። ታሪኳ ትጥማለች። ግን በጊዜው የጻፋት የለም። ለሕትመት የበቃችው ሁለቱም ካለፉ በኋላ ነው። እኔም ለልጄ ነግሬያት ነበር፤ በኋላ ‹‹ያቺን ነገር ተያት›› ማለት ግድ ሆነብኝ።

ያልተጻፈውን እንደ ባዶ ቦታ ማለፍ

ፍሬድሪክ ዳግላስ የሜሪላንድ ሰው ነው። በ1838 ከባርነት አመለጠ፤ በ1845 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። ሳነበው ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር። እንዴት አመለጠ? መጽሐፉ እዚያ ሲደርስ አልናገርም ይላል። በቃ። ተናድጄ ነበር። ፊልም መሀል ላይ መብራት እንደጠፋ ነው የሆነብኝ።

ምክንያቱን ራሱ ጽፎታል፤ እኔ ቸኩዬ ዘልዬው ነበር። የረዱት ሰዎች ገና እዚያው አሉ። መንገዱን ቢናገር ነገ በዚያ መንገድ ሊያመልጥ ያሰበው ሰው ይያዛል። የባሪያ ባለቤቱን በጨለማ ውስጥ ልተወው ይላል።

መልሱ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1881 ባሳተመው ሦስተኛው የሕይወት ታሪኩ ሁሉንም አወጣው። መስከረም 3 ቀን 1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሶ ከባልቲሞር ባቡር ተሳፈረ። ነፃ የነበረ ጥቁር መርከበኛ የራሱን ወረቀት አውሶታል። ወረቀቱ ላይ የተገለጸው ሰው መልክ ከዳግላስ ይልቅ ጠቆር ያለ ነው፤ ልብ ብሎ ላየ አይመሳሰሉም። የባቡሩ ተቆጣጣሪ መጣ። ዳግላስ ወረቀቱን ዘረጋ። አናቱ ላይ የአሜሪካ ንስር ምልክት አለበት። ተቆጣጣሪው ንስሩን አየት አድርጎ ሂሳቡን ተቀብሎ አለፈ። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ኒው ዮርክ ነበር። ይሄን ለ43 ዓመት መጽሐፍ ላይ ሳያወጡ መኖር ምን ማለት ነው?

ሌላም ዝምታ አለ። ለማምለጥ የረዳችው፣ በኋላም ሚስቱ የሆነችው አና መሪ በመጻሕፍቱ ውስጥ የምትገኘው በጥቂት መስመር ነው። ለ44 ዓመት ቤቱን ይዛ የቆየች ሴት። ይሄኛው ዝምታ ሰውን ለማዳን አይመስለኝም።

የሃሪየት ጄከብስ ደግሞ ሌላ ነው። በ1861 ያሳተመችው የሕይወት ታሪክ ላይ ‹‹ሊንዳ ብረንት›› በሚል ስም ነው የምትተርከው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ከጌታዋ ለመሸሽ በአያቷ ቤት ጣሪያ ሥር ለሰባት ዓመት ገደማ ተደበቀች። ቦታውን በፉት ለክታ ጽፋዋለች፦ ርዝመቱ ዘጠኝ፣ ወርዱ ሰባት፣ ከፍ ያለበት ቦታ ሦስት። ወደ እኛ መለኪያ ስናመጣው የጣሪያው ቁመት ዘጠና ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። መቆም የለም። በትንሽ መብሻ እንጨቱን በስታ በዚያ ቀዳዳ ልጆቿ መንገድ ላይ ሲጫወቱ ታያለች። ልጆቹ እናታቸው ከላያቸው እንዳለች አያውቁም።

ብዙ ምሁራን ይሄ መጽሐፍ ልቦለድ ነው ሲሉ ኖረዋል። የተደበቀ ስም፣ ‹‹ለማመን የሚከብድ›› ታሪክ፣ አዘጋጇም ነጭ ደራሲ። በ1980ዎቹ ጂን ፌገን የሊን የተባለች ተመራማሪ ደብዳቤዎችንና መዝገቦችን አገጣጥማ ጸሐፊዋ ጄከብስ ራሷ መሆኗን፣ ታሪኩም የደረሰባት መሆኑን አሳየች። ስሟን የደበቀችው ጌታዋ ስላደረሰባት ወሲባዊ ትንኮሳ በጽሑፍ ስለተናገረች ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ውርደቱ የሚለጠፈው እሷ ላይ ነው። በጦርነቱ ጊዜ አሌክሳንድሪያ መጥታ ለተፈናቀሉ ነፃ ሰዎች ስትሠራ ነበር፤ በ1864 ትምህርት ቤት ከፈተች። እኔ እንጀራ በምገዛበት ከተማ።

ብዕሩን የያዘው ማን እንደሆነ አለመጠየቅ

ከ1936 እስከ 1938 መንግሥት ሥራ ላጡ ጸሐፊዎች ሥራ ሲፈጥር፣ በባርነት ያለፉ አዛውንቶችን እየዞሩ እንዲያናግሩ አደረገ። ከ2,300 በላይ ቃለ መጠይቅ ተሰበሰበ። ዛሬ ማንም በነፃ ያነበዋል። ሀብት ነው። ገደልም ነው።

ቻርልስተን፣ ሳውዝ ካሮላይና። ሱዛን ሃምሊን የምትባል ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖኛል የምትል አሮጊት። አንዲት ነጭ ሴት ጠያቂ መጣች። ሱዛን ሴትየዋ ከድጎማ መሥሪያ ቤት የመጣች መሰላት። ጊዜው የረሃብ ጊዜ ነው፤ ድጎማው ማለት ምሳ ማለት ነው። ጌታዬ ደግ ነበሩ፣ ጥሩ ሰው ነበሩ አለች። ነገሩ ሁሉ ልስልስ ብሎ ወጣ።

ሌላ ቀን ጥቁር ጠያቂ መጣ። ‹‹ልጄ›› እያለች ነው ያወራችው። አሁን ግርፋቱ መጣ። ቤተሰብ ተነጣጥሎ መሸጡ መጣ፤ ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው እናቶች ለቅሶ መጣ። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው የአንዲት ሴት ቃል ነው ይላሉ።

ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ? እኔ ይሄን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። የቀበሌ ሰው ቤት ሲመጣ የምታወራውና እሱ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ የምታወራው አንድ አልነበረም። ሁለቱም የእሷ አፍ ነው። እኛ ሰምና ወርቅ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ‹‹ጌታዬ ደግ ነበሩ›› የሚለውን እንደወረደ ከዋጥን ምን ልንባል ነው?

በዚያ ላይ የአጻጻፉ ነገር አለ። ጠያቂዎቹ፣ አብዛኞቹ ነጮች፣ የአዛውንቶቹን እንግሊዝኛ ሆን ብለው ሰባብረው ነው የጻፉት። መመሪያም ነበራቸው። እዚያ ወረቀት ላይ ያለው ‹‹የመሃይም አነጋገር›› የአሮጊቷን ያህል የጸሐፊውም ጆሮ ነው። በአማርኛ ስንተረጉመው ደግሞ የራሳችንን ንቀት እንዳንጨምርበት።

በአማርኛ ቃል መታለል

ሁለት ቃላት አስቸግረውኛል። አንደኛው ‹‹ባሪያ›› ነው። በእኛ አፍ ይሄ ቃል ስድብ ነው፤ ዛሬም ሰው በመልኩ የሚሰደብበት። እኛም አገር ባርነት ነበር፤ በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፣ አያቶቻችን በሕይወት እያሉ። ‹‹የእኛው የቤተሰብ ያህል ነበር›› የሚለውን ወሬ ይዘን ወደ ሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ከገባን የምናነበው ነገር አይገባንም። ለነገሩ የሚሲሲፒ ባለቤቶችም ስለራሳቸው የሚሉት ልክ ያንኑ ነበር። እኔ አሁን ‹‹በባርነት የተያዘ ሰው›› እላለሁ። ይረዝማል። ይርዘም።

ሁለተኛው ‹‹ነፃ አወጣቸው›› ነው። የግሱን ባለቤት ልብ በሉ። ሊንከን ያወጣል፣ እነሱ ይወጣሉ። ግንቦት 1861 ምሽት ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ ሦስት ሰዎች፣ ፍራንክ ቤከር፣ ሼፓርድ ማሎሪና ጄምስ ታውንሰንድ፣ በጀልባ ቀዝፈው የሰሜን ጦር ወደያዘው ፎርት ሞንሮ ገቡ። ለደቡብ ጦር ምሽግ እየቆፈሩ ነበር። በማግስቱ የባለቤታቸው መልእክተኛ ነጭ ባንዲራ ይዞ መጣ፤ ሕጉ ያዛል፣ መልሱልን አለ። የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል በትለር ጠበቃ ነበር። ቨርጂኒያ ራሴን የቻልኩ አገር ነኝ ካለች የአሜሪካ ሕግ ምኗ ነው? የጠላት ንብረት ናቸው፣ አልመልስም አለ። ወሬው ተሰማ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ሽማግሌው ይጎርፍ ጀመር። ሊንከን አዋጁን የፈረመው ጥር 1 ቀን 1863 ነው። እነዚህ ሦስቱ የቀዘፉት ከዚያ አሥራ ዘጠኝ ወር ቀድሞ ነው። ምሽጉ ያለበት ቦታ ደግሞ በ1619 የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ቨርጂኒያን የረገጡበት ዳርቻ ነው።

አዋጁም ቢሆን ሁሉን አላካተተም። እንደ ሜሪላንድና ኬንታኪ ከኅብረቱ ያልወጡ ክፍለ ግዛቶች ውስጥ ባርነት ቀጥሏል። በሌላ በኩል ወደ 180,000 ጥቁር ወታደሮች የሰሜኑን የጦር ልብስ ለበሱ።

የራሳችንን ክርክር ይዘን መግባት

ይሄ የእኛ የሐበሾች በሽታ ነው። ወሬው ሊንከን ላይ ሲደርስ አንዱ ‹‹አንድነት!›› ይላል፤ ሌላው ‹‹መገንጠል መብት ነው!›› ይላል። ሁለቱም ስለ አዲስ አበባ ነው የሚያወሩት። ቡናው ይቀዘቅዛል።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 መገንጠልን በግልጽ ጽፎታል። የአሜሪካው ዝም ብሏል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አይቻልም ያለውም ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ1869 ነው። ጉዳዩ ሌላ፣ ሰነዱ ሌላ። በ1860 ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በባርነት የተያዘበትን ነገር ለራስ ክርክር ማሟሻ ማድረግ ደስ አይልም።

መጽሐፉን 1865 ላይ መዝጋት

ሚያዝያ 1865 የደቡብ ጦር አዛዡ ጄኔራል ሊ እጁን ሰጠ፤ ሊንከን ተገደለ፤ ታህሳስ ላይ ባርነትን የሻረው የሕገ መንግሥቱ 13ኛ ማሻሻያ ጸደቀ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ መጽሐፉን ይዘጋል። ማሻሻያው ራሱ ግን ‹‹ለወንጀል ቅጣት ካልሆነ በስተቀር›› የምትል ሐረግ አለችው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሚሲሲፒና ሳውዝ ካሮላይና ሥራ የሌለውን ጥቁር ‹‹ቦዘኔ›› ብለው የሚቀጡ፣ ቅጣቱን ካልከፈለ ለሚከፍልለት ሰው ጉልበቱን የሚያከራዩ ሕጎች አወጡ። ጥቁር አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ዱ ቦይስ በ1935 ስለዚህ ዘመን በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ የመጨረሻውን ምዕራፍ የሰጠው የታሪክ መጻሕፍት ይሄን ዘመን እንዴት እንዳጣመሙት ለማሳየት ነው።

እኔ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት አንድ ደብዳቤ አንብቡ እላለሁ። ሁለት ገጽ አይሞላም። የተጻፈው ነሐሴ 7 ቀን 1865፣ ኦሃዮ ውስጥ ከዴይተን ከተማ ነው። ጆርደን አንደርሰን የተባለ ሰው በቃሉ አስጽፎት ጋዜጣ ላይ ወጣ። ‹‹ብዕሩን ማን ያዘ?›› ብዬ እንደልማዴ ጠይቄ ነበር፤ ሰውየው ከነቤተሰቡ በኦሃዮ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ላይ ይገኛል።

ቴኔሲ ያለው የቀድሞ ጌታው፣ ኮሎኔል አንደርሰን፣ ና ተመለስና ሥራልኝ፣ በደንብ እይዝሃለሁ ብሎ ጽፎለት ኖሯል። ጆርደን በትሕትና ይመልሳል። እንዳልረሱኝ በማወቄ ደስ ብሎኛል፤ የሰሜን ወታደሮች ሰቅለዎት ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር ይላል። እዚህ በወር 25 ዶላር ከነምግብና ከነልብስ አገኛለሁ፤ ልጆቼ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ለመምጣት ግን የእርስዎን ቅንነት ማየት እንፈልጋለን። እኔ 32 ዓመት አገልግያለሁ፤ ሚስቴ ማንዲ 20 ዓመት። እኔ በወር 25፣ እሷ በሳምንት 2 ዶላር ቢታሰብልን 11,680 ዶላር ይመጣል። ከዚህ ላይ ያለበሱንን ልብስ፣ ሦስት ጊዜ ያመጡልኝን ሐኪምና የማንዲን አንድ ጥርስ ማስነቀያ ይቀንሱ።

ስሌቱን ራሴ በስልኬ መታሁት። ልክ ነው፤ አንድ ዶላር አልሳተም።

ቀጥሎ ድምፁ ይለወጣል። ሴት ልጆቼ አሁን አድገዋል፣ ቆነጃጅት ሆነዋል፤ እዚያ ቢመጡ ደኅንነታቸው ይጠበቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። በሌሎች ልጃገረዶች ላይ የሆነውን እርስዎም ያውቃሉ ይላል። ትሕትናው እንዳለ ነው፤ እጅ ግን ያስቆርጣል።

መጨረሻ ላይ ሰላምታ ይልካል። ጆርጅ ካርተርን ሰላም ይበሉልኝ፣ የተኮሱብኝ ጊዜ ሽጉጡን ከእጅዎ ስለነጠቀልኝም አመስግኑልኝ።